ያለ መፍሰስ ያለፉ ቀናት

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ቁጥሩን ወደ 271 ቀየርኩት። ሁለት መቶ ሰባ አንድ ቀን አንዲት ጠብታ ኮስቲክ ሶዳ፣ ያ ጠርሙስ የምናጥብበት አቃጣይ ኬሚካል፣ መሬት ሳትነካ። ሰሌዳው ዋናው በር ላይ ነው፤ የገባ የወጣ ሁሉ ያየዋል። "ያለ መፍሰስ ያለፉ ቀናት" ይላል። ሐሳቡ የኔ ነው። ቀለሙንም የመረጥኩት እኔ ነኝ... አረንጓዴ። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ጠርሙስ አጣቢዎቹ "ወይዘሮ ንጹሕ አየር" ነው የሚሉኝ። ዛሬ ሳልፍ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ይሳቁ። በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ መሆን ማለት ሰው ሁሉ ሲሠራ ወረቀት ታቅፎ ከኋላ መቆም ነው። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ኦዲተሯ ልትመጣ አንድ ወር ቀራት። ከሁለት ዓመት በፊት ትልቁ ደንበኛችን "የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት ከሌላችሁ፣ ሰርተፍኬቱም ከሌላችሁ፣ አብረን አንሠራም" አለ። ሥርዓቱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አራት ትልልቅ ማኅደር። ውሃው የት ይገባል፣ የት ይወጣል፣ ቆሻሻው ማን ጋ ይሄዳል፣ አደጋ ቢመጣ ማን ምን ያደርጋል... ሁሉም ተጽፏል። ሁሉም ተፈርሟል። ታዲያ ለምንድን ነው በየማታው እንደገና የማነባቸው?

ጠዋት ምድጃውን ሁለቴ አይቼ ወጣሁ። ከፌርማታ ተመልሼ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ጠፍቷል። አንድ ቀን እንኳ በርቶ አግኝቼው አላውቅም።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። በጣቱ ቆጠረ።

"ሦስት መቶኛው ቀን ኅዳር አምስት ላይ ይውላል። ኦዲተሯ ስድስት ላይ ትመጣለች። አየሽ? እግዜር ራሱ ቀጠሮ ይዞልናል!"

ሦስት መቶ ስንሞላ ለኮስቲክ ክፍል ጃኬት ይሰጣል። ጀርባው ላይ 300 የተጻፈበት። ለፋብሪካው በሙሉ ደግሞ የሁለት ቀን ዕረፍት። ይሄም የኔ ሐሳብ ነበር። የፈሰሰበት ሰው ስም ደግሞ በቀይ ወረቀት ሰሌዳው ሥር ይለጠፋል። እሱም የኔው ነው። "ሰው ኃላፊነት ይሰማው" ብዬ። እስከ ዛሬ ማንም አልተለጠፈም።

ማታ እራት ላይ የአጎቴን እጅ አየሁት። ጣቶቹ መሐል ተሰነጣጥቋል። "ምንድን ነው?" አልኩት። "ሳሙና" አለ። ኮስቲክ ክፍል ከገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እዚህም ያስገባኝ እሱ ነው። "ይህቺ ልጅ አታሳፍረኝም" ብሎ ምሎ። መሐላው እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለ።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ እትዬ ቁልፍ (ቁልፎቿን ከአንገቷ አውልቃ ስለማታውቅ) ዛሬ ያዘችኝ።

"እናንተ ልጆች አሸዋ ትበላላችሁ እንዴ?"

"እንዴት?"

"አርባ አንድ ከረጢት! በአምስት ወር! ቤት እየሠራ ያለ ሰው ካለ ንገሪኝ፣ ምረቃው ላይ ልገኝ።"

ሳቅኩ። ቢሮ ስገባ ሳቁ ተወኝ። ያ አሸዋ የሚወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮስቲክ ሲፈስ ለመምጠጥ። ደንቡን እኔ ነኝ የጻፍኩት። የጠጣው አሸዋ ክዳን ባለው በርሜል ይገባል፣ በርሜሉ በየወሩ ይመዘናል። አምስት ወር "ባዶ" ብዬ ፈርሜያለሁ። ገብቼ አየሁት። ባዶ ነው። ንጹሕ።

ታዲያ አርባ አንድ ከረጢት የት ገባ?

ጥቅምት 15፣ ረቡዕ

ምናልባት ለዘይት ይሆናል። ምናልባት መኪና ማቆሚያው ጭቃ ሆኖ። ምናልባት እትዬ ቁልፍ ተሳስታለች... እትዬ ቁልፍ ተሳስታ አታውቅም።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

አገኘሁት።

ከኋላው አጥር ጥግ፣ የተሰበሩ ሳጥኖች ከሚጣሉበት ጀርባ። ግራጫ የአሸዋ ክምር። ዙሪያውን አረም የለም። ያለውም ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት። የመለኪያ ወረቀቴን አርጥቤ አስነካሁት። ወዲያው ጠቆረ፤ ጥቁር ሰማያዊ። የኮስቲክ ቀለም ነው።

ቦዩ ከዚያ አሥር እርምጃ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም እዚያ ይወርዳል። ቦዩ ደግሞ ወደ ታች፣ ከፋብሪካው ግርጌ ወዳለው ሰፈር...

አርባ አንድ ከረጢት ማለት ስንት ጊዜ መፍሰስ ነው? ሃያ? ሠላሳ? እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ወንበር ላይ ወጥቼ ቁጥር እቀይራለሁ።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ኮስቲክ ክፍል ገባሁ። ሳላንኳኳ፣ ሳልነግራቸው። የሁለተኛው ታንከር ቫልቭ ሥር ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲው ውስጥ አሸዋ። አጎቴ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። የሥራ ጓደኛው ቀጭኑ አየኝና ወጣ፤ ድመት እንዳየች አይጥ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"አጎቴ!"

ተቀመጠ። ቫልቩ ሲከፈት ይተፋል አለ። ሁሌ አይደለም። አንዳንዴ።

"ስንት ጊዜ?"

"እኔ ምን አውቄ። የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ።"

ክፋት አልነበረበትም ድምፁ። ለዚህ ነው አንጀቴን የበላው። ለምን አልተናገራችሁም አልኩ። መጀመሪያ ሲፈስ ቁጥሩ መቶ ሠላሳ ነበር አለ። ገና ሥራ ከጀመርኩ አንድ ዓመት አልሞላኝም ነበር፣ ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ አስነስቶ ያስጨበጨበልኝ ሳምንት ነበር። "በማግስቱ ዜሮ ላድርግብሽ? የሥጋ ዘመዷ ነው ያዋረዳት ይበሉ? ስሜ በቀይ ተለጥፎ አንቺ በሥሩ ትለፊ?" ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን መናገር ከበደ።

"ኦዲቷ ትለፍ" አለ። "ሁለት ሳምንት ተኩል ነው። ከዚያ እኔው ራሴ እናገራለሁ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።"

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

የጥገናውን ኃላፊ በሰበብ ጠየቅኩት። "ለጥንቃቄ ያህል የሁለተኛው ታንከር ቫልቭ ቢቀየርስ?"

"ብልሽት የተመዘገበበት ቅጽ አምጪ" አለኝ። "ያለ ቅጽ ዕቃ አይገዛም። አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው?"

እኔ ነኝ። ማኅደር ሦስት፣ ገጽ አሥራ ሁለት።

ቅጹን አወጣሁ። "ብልሽቱ መቼ ታወቀ?" ይላል። ብዕሬን እዚያ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጥቅምት 18 ብጽፍ "እንዴት ታወቀ?" ይመጣል። ከዚያ አሸዋው። ከዚያ አጎቴ። ከዚያ ሰሌዳው። ሰርተፍኬቱ ቢነጠቅ ደንበኛው ይሄዳል፤ መቶ ስልሳ ሰው አለ እዚህ ቤት።

ቅጹን መሳቢያ ውስጥ መለስኩት። ሁለት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት ምን ይመጣል?

ጥቅምት 28፣ ማክሰኞ

293። ዛሬ ቁጥሩን ስቀይር ወደ ማንም አላየሁም።

በራሴ አፍራለሁ። ግን አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር እፎይ እላለሁ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይኖራሉ?

አጎቴን ዛሬም "መነጽርህን አድርግ" አልኩት። "ላቡ ያደበዝዘዋል፣ አያሳየኝም" አለ። "ግድ የለም አድርግ።" "እሺ እናቴ" አለኝ። ሲያሾፍ ነው እናቴ የሚለኝ።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ሦስት መቶ።

ተጨበጨበ። ፎቶ ተነሳን። አጎቴ ጃኬቱን ለበሰ፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል። ቀጭኑ ደግሞ ውስጡ ጠፋ። "ከጃኬቱ ጋ ሰውም ይሰጣል እንዴ?" አለች እትዬ ቁልፍ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ሳትስቅ ነው ያየችኝ።

ሥራ አስኪያጁ ስለኔ ተናገረ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ነገ ብቻ ትለፍልኝ። ነገ ብቻ።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

አለፈ!

ኦዲተሯ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁሉን በእጇ የምትነካ ሴት ናት። ማኅደሮቹን ገጽ በገጽ ገለጠች። ከሰዓት ኮስቲክ ክፍል በራፍ ላይ ቆመን፣ የድንገተኛ ዓይን መታጠቢያውን እያየች ጠየቀችኝ፦

"ማኅተሙ ተቀዶ ያውቃል?"

"አያውቅም" አልኩ።

ማኅተሙ የተለጠፈው ሰው ያለ ምክንያት እንዳይነካካው ነው። ከተቀደደ እንደ አደጋ ይመዘገባል። ጻፈች። ይሄ እንኳ እውነት ነበር፣ እውነት ስናገር ምን ያህል እንደቀለለኝ። ብዙ አወራሁላት፤ ስለ ውሃው ግፊት፣ በየሳምንቱ ስለምናደርገው ፍተሻ። አሥር ደቂቃ ያህል እዚያው አቆምኳት።

ማጠቃለያው ላይ "ከጥቃቅን አስተያየቶች በቀር የተሟላ" አለች። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። አሁን መናገር ይቻላል። ነገ ቅጹን እሞላለሁ። ነገ ጠዋት፣ የመጀመሪያ ሥራዬ።

አጎቴን ስፈልገው አጣሁት። ቀጭኑ "ራሱን አሞት ቀደም ብሎ ወጣ" አለኝ። ዓይኔን ግን አላየም።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ። ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ።

ቤት ስደርስ ፎጣ አርጥቦ ዓይኑ ላይ ይዞ ነበር። "ሳሙና ገባብኝ" አለ። ሚስቱ እየደጋገመች ፎጣውን ትቀይራለች። ፎጣውን አነሳሁት። የቀኝ ዓይኑ ነጩ በደም ተሸፍኗል፤ ጥቁሩም እንደ ወተት ደፍርሷል። ታክሲ ጠራሁ።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ጠየቀው። ምን ገባ? ኮስቲክ። ስንት ሰዓት ላይ? ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ወዲያው ታጠቡ? ታጠብኩ። ለምን ያህል ጊዜ? "ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ። ውሃው ቀጭን ነበር።" ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ መታጠብ ነበረበት" አለ። "ሥራ ቦታችሁ የዓይን መታጠቢያ የለም?"



እኔ ነኝ የመለስኩት። "አለ።"

ሐኪሙ ሲወጣ ነው የነገረኝ። ቫልቩ ተፋ። መታጠቢያው ጋ ሲሮጥ ኦዲተሯ ማኅተሙን ይዛ ቆማለች። እኔም አጠገቧ።

"እያስረዳሻት ነበር" አለኝ። "እንዴት አድርጌ ልቅደደው?"

አይቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ አይቼዋለሁ። ፊቱን በእጅጌው ሸፍኖ በጎናችን አለፈ። ላብ የሚጠርግ መሰለኝ። ስለ ውሃው ግፊት እያወራሁ ነበር።

ግራ ዓይኑ ድሮም ደካማ ነው። የሚያየው በቀኙ ነበር።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ሥራ አስኪያጁ ሆስፒታል መጣ። ብርቱካን ይዞ። አጎቴን እጁን ይዞ አለቀሰ ማለት ይቻላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ኮሪደር ላይ ወሰደኝ። "እሱ ራሱ ቤት ውስጥ ነው የደረሰብኝ ብሎኛል" አለ። "ሕክምናውን ፋብሪካው ይሸፍናል፣ እስከ መጨረሻው። ቃሌ ነው። ግን ለምን እናባብሰዋለን? የሰርተፍኬቱ እድሳት ገና አልተፈረመም።"

"ቤት ውስጥ አይደለም።"

"አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ። እሱ ግን እንዲህ ነው ያለው።"

"ቤታችን ኮስቲክ የለም" አልኩ። 

ተመልሼ ገባሁ። አጎቴን "እንዲህ ብለሃል?" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ ብርቱካኑን እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለች። ለማን እንደተናገረችው አላወቅሁም። ለሁለታችንም ይሆናል።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

መጀመሪያ ወንበር ላይ ወጣሁ። 306 መሆን ነበረበት። ዜሮ አላደረግሁትም፤ ሰሌዳውን ከነምስማሩ ነቅዬ አወረድኩት። ጠርሙስ አጣቢዎቹ ቆመው አዩኝ። አንድም አልሳቀ።

ከዚያ የአደጋ ቅጹን ሞላሁ። ቀኑ፣ ኅዳር 6። ሰዓቱ፣ ዘጠኝ። ቦታው፣ ኮስቲክ ክፍል። ቅጹ አምስት ጊዜ "ለምን?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፣ ሥሩ እስኪገኝ። ሌሎችን ሳሠለጥን "አምስተኛው ላይ ሰው ሳይሆን አሠራር ታገኛላችሁ" እል ነበር።

ለምን ዓይኑ ተጎዳ? በበቂ ውሃ አልታጠበም። ለምን? መታጠቢያውን አልተጠቀመም። ለምን? ማኅተሙ ከተቀደደ አደጋ ተብሎ ይመዘገባል። ለምን አደጋ እንዲመዘገብ አልፈለገም? ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፣ ስሙ በቀይ ይለጠፋል። አምስተኛው ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ለምን እንዲህ ያለ ደንብ ወጣ?

ጻፍኩት። ደንቡን ያወጣችው የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዋ ናት። መፍሰስ መኖሩን ጥቅምት 18 አውቃለች። ተጎጂው "ኦዲቷ ትለፍ" ብሎ ለምኗታል፤ እሷም ተስማምታለች። ብልሽቱን አልመዘገበችም።

ስለ አሸዋውም ጻፍኩ። ስለ ቦዩም። አንዱን ቅጂ ለሥራ አስኪያጁ፣ አንዱን ለኦዲተሯ። ላክሁ ካልኩ በኋላ መላኩን አራት ጊዜ አየሁ። ሄዷል።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

አጎቴ አያናግረኝም። ቤት ከመጣ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳህኑን ሳቀርብለት "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፣ እንደ እንግዳ።

"እኔ ዓይኔን የሰጠሁበትን ነገር በአንድ ወረቀት አፈረሰችው" ብሏል ለሚስቱ። እሷ ናት የነገረችኝ። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከሥራ ያስወጡኝ ይሆናል። ያስወጡኝ! እሱ ግን ዝም አይበለኝ።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ

ኦዲተሯ መለሰች። ሰርተፍኬቱ ለሦስት ወር ታግዷል፤ ካስተካከልን ተመልሳ ታያለች። ደንበኛው እስከዚያ እጠብቃለሁ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አላባረረኝም። ቢሮዬ ሲገባ ግን ስሜን አይጠራም።

ቫልቩ ተቀየረ። ሥራው የፈጀው አርባ ደቂቃ ነው። ቆሜ አየሁ... አርባ ደቂቃ!

የአጥሩ ጥግ አፈር ተቆፍሮ በበርሜል ወጣ። ቀይ ወረቀት ቀርቷል። አዲሱ ቅጽ ስም አይጠይቅም። በዘጠኝ ቀን አሥራ ሰባት ቅጽ መጣ። አሥራ ሰባት! ዘይት፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የማይዘጋ ክዳን። አንዱ ላይ "የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ውሃ ቀጭን ነው" የሚል አለ። የቀጭኑ እጅ ጽሑፍ ነው። እሱን ሳነብ በሩን ዘጋሁ።

ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ ትናንት ቁርጡን ነገረን። በቀኙ ብርሃንና ጨለማ ይለያል። ከዚያ በላይ አይጠበቅም። አጎቴ "እሺ" ብሎ ተነሳ፤ በሩን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ግድግዳውን ነካ።

የቅጹ መዝጊያ ላይ የተጎጂው ፊርማ ያስፈልጋል። ሳምንት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ምን ይዘሻል?" አለ። በሦስት ሳምንት የመጀመሪያው ጥያቄው ነው።

ነገርኩት።

"አንብቢልኝ።"

አነበብኩለት። አምስተኛው "ለምን" ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

"ይሄን አውጪው።"

"የቱን?"

"አንቺ ያለሽበትን። ያልታጠብኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ እጄን ይዘሽኝ ነበር?"

"እያወቅሁ ሳልጽፍ ቀረሁ፣ አጎቴ።"

"አትጻፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

"እሱም ተጽፏል።"

"ምን? እኔንም ከተትሽኝ?" አለ። ሊስቅ ቃጣው፤ ከዚያ ተወው። "አንቺ ያለሽበትን ካላወጣሽ አልፈርምም። ያኔ ዝም ያልኩት ስለ ቁጥርሽ ብዬ ነው፣ አሁን ደግሞ ስለ ስምሽ ብዬ ነው። ምን ታረጊኛለሽ?"

ምንም ላደርገው አልችልም። ይህን ሰው ምንም ላደርገው አልችልም።  

"ቀጭኑ ነው አሁን እዚያ ክፍል ያለው። ሌላ ልጅም ይቀጠራል። ይሄ ካልተጻፈ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ ሰሌዳ ይሰቅላል፣ አጎቴ። ቀጭኑም ወደ መጸዳጃ ቤት ይሮጣል።"

 በመንገዱ ሁለት መኪና አለፈ።

"ብዕር" አለ።

ብዕሩን ጣቶቹ መሐል አስገባሁለት። ወረቀቱን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እጁን መስመሩ መጀመሪያ ላይ አሳረፍኩለት። ፊርማውን አውቀዋለሁ፤ የትምህርት ቤት ካርዴን ሁሉ የፈረመው እሱ ነው። ጀመረ። መሐል ላይ እጁ ወደ ታች ሄደ፣ ከወረቀቱ ወጣ፣ ጭራው ጠረጴዛው ላይ አለቀ።

"መስመሩ ላይ ነው?" አለኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ።

"አይደለም፣ አጎቴ" አልኩት። "ወርዷል። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ነው።"

በግራ ዓይኑ ወደ ድምፄ ዞረ።

"እንዲያ ከሆነ እንዲያው ይሂድ" አለ።